ከኮርኒሱ በላይ

ወንድሜ ቤቴን ሲሠራልኝ ከእኔ የሚጠበቀው ጠላ መጥመቅና ወጥ ማሰናዳት ብቻ ነበር። እኔ ግን ደብተር ይዤ ቀረብሁ።

ፊደል የቆጠርሁት ትዳሬን ፈትቼ ከተመለስሁ በኋላ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ተቀመጥሁ። ዛሬ ወገዳ ውስጥ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ነኝ። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው የተጻፈ ነገር እንዲሁ አያልፍም። ከመደርደሪያዬ መጻሕፍት አንዱ በባሕር ጠረፍ ስለሚሠሩ ቤቶች ያወራል፤ በዚያ አገር ሃሪኬን የሚሉት ከባሕር የሚነሣ ዐውሎ አለ። መጽሐፉ እንደሚለው የሚያስፈራው የነፋሱ ግፊት ብቻ አይደለም፤ ከሥር ገብቶ ጣራውን ሽቅብ መንቀሉ ነው። ስለዚህ ጣራው ከቋሚው፣ ቋሚው ከመሬቱ ሳይቋረጥ መያያዝ አለበት። አንድ ቦታ ከላላ ሁሉም እንደላላ ነው። ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ገለበጥሁት፤ ሥዕሉንም ጭምር።

ቦታዬ ከከተማው ዳር፣ አፋፉ ላይ ነው። ከበሽሎ ቆላ ሽቅብ የሚመጣው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ነፋስን ደግሞ አውቀዋለሁ። ልጆች ሳለን፣ አባትና እናታችን እርሻ በዋሉበት ቀን፣ የሣር ክዳናችንን ከነወራጁ ነቅሎ ወሰደው። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ምሰሶውን ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀፈና እኔን ከእሱና ከምሰሶው መካከል አስገባኝ። ነፋሱን ተከትሎ የመጣው በረዶ ሁሉ የወረደው በእሱ ጀርባ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ዓይኔ ወደ ጣራ ይሄዳል። በውስጡ ተቀምጬ ሽቅብ የማላይበት አንድ ቤት፣ ከዕድሜዬ የፈለግሁት ይህን ነበር።

ወንድሜ አናጺ ሆኖ ሳለ ከእሱ ሌላ ማንን ልጥራ? ሥዕሉን ሳሳየው አገላብጦ አየና «ገብቶኛል፣ እህትዓለም» አለኝ። ቋሚዎቹን የጽድ አደረግናቸው። የቋሚዎቹን ጉድጓዶች ጥልቀት በክንዴ ለክቼ ሁለቱን እንደገና አስቆፈርሁ።

ጣራ በሚወጣበት ቀን ደቦ ተጠራ። የእኛ አገር ሴት ጣራ ላይ አትወጣም፤ ወንዶቹ ላይ ሆነው ሲሠሩ እኔ ታች ሆኜ አየሁ። ወራጁ ከቋሚው የሚታሰርበትን ሽቦ ሳወጣ ጎረቤቴ፣ የገብስ ማሳው ከግቢዬ የሚዋሰነው ሰውዬ፣ ከላይ ሆኖ ጠራኝ።

«አንቺ፣ ባሕሩ የት አለና ነው የባሕሩን ነፋስ የፈራሽው?»

ሌላው ደግሞ በዚህ ሽቦ ቤት ሳይሆን ኮርማ ነው የሚታሰር አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ግን አልሳቀም።

«ተዉአት» አለ። «እኔና እሷ ጣራ ሲሄድ አይተናል።»

ወጡን እያማሰልሁ ያቺን ቃል ብዙ ጊዜ ለራሴ ደገምኋት። ማታ ሲወርዱ ከሳሎኑ በር ላይ ቆሜ ሽቅብ ቆጠርሁ። እያንዳንዱ ወራጅ በእጥፍ ሽቦ ከቋሚው ጋር ተጠምጥሟል። ጓዳው ጨልሞ ስለነበር ነገ አየዋለሁ ብዬ ተውሁት። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ጓዳው ነጭ የአቡጀዲ ኮርኒስ ተወጥሮለታል። ሳልጠይቀው ነው የሠራልኝ። «እዚህ በምትደረድሪው መጽሐፍሽ ላይ አቧራ እንዳይወርድ ብዬ ነው» አለኝ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዞ ከለከለኝ። ያን ጊዜ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ነፋሱ በሚያዝያ ማብቂያ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጣ። ሳሎን ተቀምጬ አነብ ነበር። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስ ሲጮህ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም። ገጹን እስከምጨርስ እንኳ ቀና አላልሁም። ጓዳው ውስጥ አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ሰማሁና ሄድሁ። አቡጀዲው እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቶ ነበር። ሲቀደድ ከበላዩ ምንም አልነበረም፤ ሰማይ ብቻ። ዝናቡ መጽሐፎቼ ላይ ወረደ።

የጓዳውን ጣራ ቆርቆሮ ከጎረቤቴ ማሳ ስንሰበስብ አንድ ወራጅ አነሣሁ። ጫፉ ላይ አንድ የሚስማር ቀዳዳ አለ። ሽቦ የነካው ምልክት ፈለግሁ፤ ሌላውንም፣ ሌላውንም አገላበጥሁ። ጎረቤቴ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«እኛኮ የምታውቂ መስሎን ነው» አለ በመጨረሻ። «ወንድምሽ ‹በበሩ በኩል ያለውን አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ቆማ የምታየው ከዚያ ነው። የጓዳውን ተዉት። እህቴ እንደሆነች ነገ ታገባለች፤ ለሁለት ክረምት ይበቃታል› ሲል ሁላችንም ሰማን።»

ሁሉም ሰምተው፣ ከዚያ ወርደው እጃቸውን ታጥበው ወጤን በሉ። ሲሄዱም በየተራ «ቤቱን የዕድሜ ቤት ያድርግልሽ» ብለው መረቁኝ፤ እኔም አሜን ብያለሁ።

ወንድሜ በማግሥቱ መሰላልና አዲስ ወራጆች ተሸክሞ መጣ። ሳይጠራ መምጣቱ ሁሉንም እንደሚያውቅ ነገረኝ። ጓዳውን ለምን እንዳላሰረው ጠየቅሁት። ዓይኑን ከመሰላሉ አላነሣም።

«የምታይውን ሁሉ አስሬልሻለሁ» አለ።

ሲቀልድ አልነበረም፤ እንደ ውለታ ነው የተናገረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንደሳቀበት፣ ከዚህ እስከ እስቴ አገር ያውቁኛል ለሚል አናጺ፣ ሴት ደብተር ይዛ ስታዘው መታየቱ እንደከበደው ነገረኝ።

«ምሰሶውን ያቀፍህበትን ቀን ረሳኸው?»

«አልረሳሁትም» አለ።

ረሳሁት ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

መሰላሉን ከእጁ ወስጄ ግድግዳው ላይ አስደገፍሁ። መቀነቴን አጠበቅሁና ፒንሳውን ይዤ ወጣሁ። ከመንገድ ማዶ ሴቶች ቆመው ያያሉ፤ አንዷ አማተበች። እሱ ታች ሆኖ መሰላሉን ያዘ። «ይበቃል፣ እህትዓለም፣ ውረጅ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለ። ሽቦ እንዲያቀብለኝ እጄን ዘረጋሁ፤ አቀበለኝ። የጓዳውን ወራጆች አንድ በአንድ፣ በደብተሬ ላይ እንዳለው አሰርሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስሁ።

ከዚያ ወደ ሳሎኑ ተሻገርሁ። በበሩ በኩል ያሉት የእሱ የሽቦ ቋጠሮዎች አንዳቸውም አልላሉም፤ ከእኔ ቋጠሮ ይልቅ የእሱ ያምራል። አንድ በአንድ ቆረጥኋቸውና በራሴ እጅ እንደገና አሰርኋቸው።