አልጠማኝም ያልኩበት ቀን

ሐይቅ ዳር ወደተከፈተው የሸክላ ስቱዲዮ ስገባ፣ የእርጥብ ጭቃው ሽታ ሸክላ ሠሪዋን እትዬ ዘሀራን አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ድስት እንድገዛ እሳቸው ቤት ላከችኝ። ፀሐዩ ከሮ ነበርና እትዬ ዘሀራ ራሳቸው በሠሩት ዋንጫ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። ከሸክላ ሠሪ እጅ እንዳልቀምስ ቤት ተነግሮኝ ስለነበር፣ ጉሮሮዬ ደርቆ እያለ "አልጠማኝም" አልኩ።

አልተቆጡም። "ግድ የለም ልጄ፤ ሰው ሸክላችንን እንጂ እጃችንን አይወድም" አሉና ውሃውን ለልጃቸው ሰጧት። እያየችኝ ጠጣች።

ስቱዲዮው ዛሬ የዚያች ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ሳይቀር እየመጡ ሙያውን ከእሷ ይማራሉ። ታስታውሰኝ እንደሆነ ልጠይቃት ስል፣ ጭቃ ቆርሳ ፊቴ አስቀመጠች።

"እጅጌሽን ሰብስቢና ተቀመጪ" አለችኝ።