ነጯ ርግብ እስክትገባ

መዳብ ቀጥቃጩን ጋሽ በኪርን በደንብ አውቃቸዋለሁ ለማለት አልደፍርም። እዚህ ቱርክ፣ ኡርፋ ከተማ ጣሪያችን ተጎራብቶ ስንኖር ያወራነው ስለ ርግብ ብቻ ነው።

ባለፈው ጸደይ ጣሪያቸው ላይ ርግቦቻቸውን እያበረሩ ሳሉ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ሚስታቸው ዘሊሃ ከታች ጮኸች።

«አንተ ሰውዬ፣ ውረድ! ሆስፒታል እንሂድ!»

«ነጯ አልገባችም። ከሌላ ሰው ርግቦች ጋር ተቀላቅላ ትቅርብኝ?» አሉና ተቀመጡ። ነጯ የገባችው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሆስፒታል የሄዱትም ከዚያ በኋላ ነው።

ሐኪሟ የተዘጋውን የልባቸውን የደም ሥር ከከፈተች በኋላ፣ የረጋው ደም ብዙ እንደነበር ነገረቻቸው። «ሲጋራውም ስኳሩም ሳያግዙት አልቀሩም። ሲቆይ ደግሞ ይብሳል። ለምን ቶሎ አልመጡም?»

«እንግዳ እየጠበቅሁ።»

«ላባ ያለው እንግዳ!» አለች ዘሊሃ።

አሁን ሲጋራውን ትተዋል፤ ሻዩንም ፊታቸውን አኮሳትረው ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ትናንት እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ነጯ ሳትገባ ሕመሙ ቢነሳብዎ አሁን ይወርዳሉ?»

ዘሊሃ ልብስ ማስጣቷን ትታ ጆሮዋን ሰጠች። ጋሽ በኪር ሰማዩን አዩ፤ ሁለት ጣታቸውን ወደ አፋቸው ከተቱና ለርግቦቻቸው አፏጩ።