የሚዘገይ ቴሌቪዥን

ሸሪፋ የእሪ በከንቱ ሰፈር ሰው የሆነችው በጋብቻ ነው። ከወራቤ መጥታ ሙዘይንን ስታገባ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ባሏ በመንገዱ ዳር ባለችው የፊት ክፍል ዘይትና ስኳር ይሸጣል፤ እሷ ከጓሮ ልብስ ትሰፋለች። ኋላ ሙዘይን ንግዱ ሰለቸውና ሱቁን ጌም ቤት አደረገው። ዘመድ ሁሉ ሳቀበት። እሱ ግን የሚወደውን ያውቅ ነበር፤ ደንበኛ ሲጠፋ ራሱ ጆይስቲክ ይዞ ይቀመጣል፣ ደንበኛ ሲመጣም ቶሎ አይነሳም።

ኩላሊቱን ታሞ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ክፍሉን አከራዪና ወደ ስፌትሽ ተመለሺ ያሏት ብዙዎች ነበሩ። ሁሉንም ሰማች፤ የሐዘኑ ሰሞን እንዳለፈ ግን ጌም ቤቱን ከፈተች። ስለ ጨዋታው ጠልቃ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ተራው የማን እንደሆነ ታውቃለች፣ ጆይስቲክ የሚወረውረውን ከቤት ታስወጣለች፣ ከዚያ ያለፈው የእናንተ ጉዳይ ነው ትላቸዋለች።

ባለፈው ጥቅምት የቤቱ ደንበኛ መቀነስ ጀመረ። ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ሌላ ጌም ቤት ተከፍቶ ነበር። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ቀሩ፣ ቀጥሎ የባንክ ሠራተኞቹ። በመጨረሻም ዳኒኤል ቀረ። ዳኒኤል ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ከሙዘይን ጊዜ ጀምሮ ምሳ ሰዓቱን እዚያ ቤት ነበር የሚያሳልፈው። ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ ከሰነበተ በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ ተገናኙና ሸሪፋ ምን አስቀየምኩህ አለችው።

«እትዬ ሸሪፋ፣ ቤትሽን ጠልቼ አይደለም» አላት። «ቲቪው ይዘገያል። እዚያ ስንጫወት ነው የገባን። እዚህ ስጫን ኳሱ ከጣቴ በኋላ ነው የሚሄደው።»

ሸሪፋ የተሸነፈ ሰው ሰበብ አያጣም ብላ ልታልፈው ነበር። ግን ቃሉ ከጆሮዋ አልወጣም፤ ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው ሰምታዋለች።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ከፈት አድርጋ፣ ማንም ሳይመጣ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆይስቲክ ያዘች። ጨዋታ እንዴት እንደሚጀመር ለማወቅ ሲጫወቱ ማየቱ በቅቷታል። ሁለት ቡድን መረጠች፣ ኳስ የያዘውን ሰው ቀስ ብላ አስኬደችና የማቀበያውን ቁልፍ ተጫነች። ቁልፉ ጠቅ አለ። የተጫዋቹ እግር የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ደግማ ተጫነች። መጀመሪያ ጣቷ፣ ከዚያ ባዶ ቅጽበት፣ ከዚያ እግሩ።

ይህን ነገር ታውቀዋለች። ቺንጋው የላላ የስፌት መኪና እንዲሁ ነው፤ እግር ፔዳሉን ከረገጠ በኋላ መርፌው ያመነታል፣ ስፌቱም ይንሻፈፋል። በእንዲህ ያለ መኪና የሚሰፋ ሰው ቶሎ መኪናውን አይጠረጥርም፤ በራሱ እጅ ነው የሚያፍረው።

ሙዘይን ሊሞት ዓመት ሲቀረው አዲሱን ፕሌይስቴሽን ገዝቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን የድሮው፣ ስምንት ዓመት ያገለገለው ነው። ፕሌይስቴሽኑን ከገዛ በሁለተኛው ሳምንት ይመስላታል፣ ይሄ ቲቪ ይዘገይብኛል አላት። እሷ መድኃኒቱን በውሃ እያቀረበችለት ነበር። ቲቪው ምን ያድርግ፣ እጅህ ነው የደከመው አለችው። በክፋት አልነበረም። እሱም እጆቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸውና ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ሌሎች ሲጫወቱ ያይ ነበር እንጂ ጆይስቲክ ሲይዝ አላየችውም።

ሸሪፋ አላለቀሰችም። ፕሌይስቴሽኑን ነቀለች፣ ገመዱን ጠቀለለች፣ በፎጣ ሸፍና ዘንቢል ውስጥ ከተተችውና በሩን ቆልፋ ወደ ፒያሳ ወጣች።

የምታውቃቸው ሱቆች ብዙዎቹ ከፈረሰው ሰፈር ጋር ሄደዋል። መጀመሪያ የገባችበት ሱቅ ግድግዳውን በሚሞላ ቴሌቪዥን ላይ ዓሣ ሲዋኝና ማር ሲንጠባጠብ ያሳያል። ሻጩ ጥራቱን ይዩት አላት። አየች፣ እውነትም ጥሩ ነው። ፕሌይስቴሽኔን ልሰካና ልሞክረው ስትለው ግን ሳቀ፤ ሞክሮ የሚገዛ ጫማ ነው አላት። ሸሪፋ ምስሉ መጥራቱን አልጠየቅሁም፣ ስጫን መቼ ነው የሚደርሰው አለችው። ሰውየው ጥያቄው ስላልገባው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ አነስተኛ ሱቅ ግን ማክዳ የምትባል ወጣት ሴት ተቀበለቻት። ማክዳ ከዋጋ በፊት ጥያቄ ጠየቀች፤ ምን እንደሚጫወቱና ከስክሪኑ ስንት እርምጃ ርቀው እንደሚቀመጡ። ሸሪፋ ኳስ ነው፣ አግዳሚው ከግድግዳው ሦስት እርምጃ አይሞላም አለቻት። እንግዲያውስ ትልልቆቹን ይተዉአቸው አለች ማክዳ፤ ከዚያ ቅርበት ኳሱን በዓይን ሳይሆን በአንገት ነው የሚከተሉት። ሃምሳ ኢንች ይበቃል። ከዚያም ዘንቢሉን ተቀብላ ራሷ ሰካችው።

የመጀመሪያው እንደ ቤቱ ቴሌቪዥን ዘገየ። ማክዳ ማስተካከያው ውስጥ ገብታ «ጌም ሞድ» የሚለውን ስታበራው ቀለሙ ፈዘዝ አለ፣ ኳሱ ግን ወደ ጣት ቀረበ። ቴሌቪዥን ምስሉን ሲያሳምር ጊዜ ይበላል፣ ይሄን ሲያበሩት ማሳመሩን ይተዋል ብላ አስረዳቻት። ቀረበ እንጂ አልደረሰም።

ሁለተኛው የሱቁ ቆንጆ ነበር፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ኳሱም ከጣት ጋር ይሄዳል። ሸሪፋ ይሄንን አለች። ማክዳ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠየቀቻት። ከጠዋቱ ሦስት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት።

«እንግዲያው አልሸጥልዎትም» አለች ማክዳ። «የጎሉ ቁጥር ቀኑን ሙሉ አንድ ጥግ ላይ ተጽፎ ነው የሚውለው። ይሄኛው ዓይነት እንደዚያ ሲውል ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ታትሞ ይቀራል። ለሳሎን ቢሆን ግድ የለም፤ ለእርስዎ ቤት ግን ዓመት ሳይሞላ ያዝኑብኛል።»

ሦስተኛው የሚያስጎመጅ መልክ የለውም። ጥቁሩ ግራጫ ቢጤ ነው። ግን ምስሉን በሴኮንድ መቶ ሃያ ጊዜ ያድሳል፤ አዲሱ ፕሌይስቴሽን የሚፈልገው መሰኪያም ከጀርባው አለው። ሸሪፋ ተጫነች። ኳሱ ከአውራ ጣቷ ጋር ሄደ። ደግማ ተጫነች፣ ደግማ። ሌላ ገዢ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ተጫነች።

«ባሌ ልክ ነበር» አለች በመጨረሻ።

ማክዳ ይሄንን ቴሌቪዥን እንድትገዛ የመከራት እሱ መሰላት። «ጥሩ ምክር ነው የሰጡዎት።»

«ሰጥቶኝ ነበር። አልሰማሁትም።»

በማግስቱ ተመልሳ ወሰደችው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመጡት አነሰ ብለው አጉረመረሙ፤ ያኛው ቤት ያለው ትልቅ ነው አሏት። ሸሪፋ መጀመሪያ ተጫወቱ አለቻቸው። በሳምንቱ ወሬው ዳኒኤል ጋ ደርሶ መጣ። ተጫወተ፣ ሁለት ለአንድ ተሸነፈ፣ ቲቪው ላይ ሳያሳብብ ጆይስቲኩን ለባለተራው አቀበለ። «እንግዲህ ዳኒ፣ የቀረህ አግዳሚውን መክሰስ ነው» አለው ከኋላ የቆመ አንድ የሰፈር ልጅ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፣ ሸሪፋም ሳቀች።

ሐዋሳ ለምትማረው ልጇ ለረይሀና ነገሩን በስልክ ነገረቻት፤ ደንበኞቹ እንዳይሰሙ ወደ ጓሮ ወጥታ። ረይሀና እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እማ» አለች በኋላ፣ «እጁም እኮ ደክሞ ነበር። ብርጭቆ ይወድቅበት አልነበር?»

ነበር። ሸሪፋ ይህን አልረሳችውም። እጁም ደክሞ ነበር፣ ቴሌቪዥኑም ይዘገይ ነበር፤ ሁለቱ እውነት ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ አንዱ ሌላውን አልሻረላትም። ግን ጆይስቲክ ከያዘችበት ጠዋት ጀምሮ የራቃት እንቅልፍ ከዚያ ስልክ በኋላ ተመለሰ።

የድሮው ቴሌቪዥን አሁን መኝታ ቤት ዜናና ተከታታይ ድራማ ያሳያል፤ ለዚያ ምንም አይጎድለውም። አንዳንድ ሰውም ቴሌቪዥን ልግዛ ሲል ይጠይቃታል። አንዲት የአምስት ኪሎ ሴት በስልኳ ያነሳችውን የቴሌቪዥን ፎቶ አሳይታ ጥሩ ነው ወይ ስትላት፣ ሸሪፋ በፎቶ አይታወቅም፣ ጌሙን ይዘሽ ሂጂና ራስሽ ተጫኚ ብላ መለሰቻት።

ጠዋት ጠዋት ቤቱ ሳይሞላ አንድ ሁለት ጨዋታ ትጫወታለች። ምሳ ሰዓት የሚገጥማትን ዳኒኤልን እስካሁን አላሸነፈችውም፤ እሱም አይራራላትም። ባለፈው ማክሰኞ ግን አንድ አገባችበት፣ ያውም ከማዕዘን ምት።