ሁለተኛው ምሳ ዕቃ

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት ምሳ ልንበላ ተቀምጠን ሳለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የያዘችውን ዕቃ ከፈተችና ትኩስ ሩዝ አቼቶ ሲነካው የሚያወጣው፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነው ሽታ ድንገት ፊቴ ላይ መጣ። ሌሎቹ ስለ ቢከን ሂል ሰፈር የቤት ኪራይ እያወሩ ነበር፤ እኔ ግን ወሬው ጠፋብኝ፤ ዞር ብዬም በሩን አየሁ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

በስደት በመጣንበት ከተማ ባቡሩ ገና ሰፈራችን ሳይደርስ፣ እኔም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ቤታችን ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ በቅጡ ሳላውቀው ሞቷል። እናቴ ለተብርሃን ከኤርትራውያን ቤተሰብ ተወልዳ ናዝሬት ያደገች ሴት ስለሆነች ስትቆጣኝ በአማርኛ፣ ስታባብለኝ በትግርኛ ነበር፤ ስለዚህ ገና ከአፏ በሚወጣው ቃል የሚጠብቀኝን አውቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ትሠራለች። እኔን የምትተውበት ቦታ ስታጣ፣ የሰፈሩ አዳራሽ ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ለልጆች በነፃ የሚሰጥ የምግብ ሥራ ትምህርት አለ ሲሏት ምን እንደሚሠራ እንኳ ሳትጠይቅ አስመዘገበችኝ። የሚሠራው የጃፓኖች ምሳ፣ ቤንቶ የሚሉት ነበር።

አስተማሪያችን ሚስ ኪዮኮ ሽርጧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ፣ ድምፅዋን ለመስማት ሁላችንም ትንፋሻችንን የምንውጥላት ደቃቃ አሮጊት ነበረች። ከሁሉ በፊት ያስተማረችን ምሳ ዕቃው ውስጥ ክፍት ቦታ አለመተው ነው። ሩዙ ሳይጨፈለቅ ጠበቅ ይላል፣ ከጎኑ በስሱ እየተጠበሰ የተጠቀለለው እንቁላል ይሰለፋል፣ በቀረችው ክፍተት ካሮት ወይም የተቀቀለ አረንጓዴ ነገር ይወተፋል፤ ከዚያ ክዳኑ ይገጠምና በጨርቅ ይቋጠራል። የእኔ እንቁላል ሁልጊዜ የተጠቀለለ ካልሲ ይመስል ነበር። እሷ ግን በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አንስታ ዙሪያውን አይታ፣ የሆነ የምታመሰግነው ነገር አታጣለትም።

ቤዝመንቱ በቀን ብርሃንም ደብዛዛ ነበር። ወደ ጎዳናው የሚያወጣው የሲሚንቶ ደረጃ ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ዝናቡ በላይኛው በር እየገባ ደረጃውን ሁልጊዜ ያረጥበዋል። አንድ ቅዳሜ ሚስ ኪዮኮ ለሁላችንም ምሳ ዕቃ አድላ ስታበቃ ተመልሳ መጣችና እኔ ፊት አንድ ሌላ፣ አነስ ያለ ዕቃ አስቀመጠች።

«ይኼ ለእህትሽ ነው» አለችኝ።

«እህት የለኝም።»

«ደረጃው ላይ የተቀመጠችው» አለች፣ የውጭውን አየር እንደሚነግር ሰው ረጋ ብላ። «ግቢ ብያት ነበር፤ እንቢ አለች። ጆሮዋን ይዛለች። ሳያማት አይቀርም።» ይህን ስትል ግራ እጇን አንስታ ግራ ጆሮዋን ሸፈነች።

ልጆቹ ሳቁ። ቀጥሎ ሁሉም ዞረው ደረጃውን አዩ፤ ሳቁም ቆመ። ደረጃው ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ ነበር እንጂ ሰው አልነበረም። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ሁለተኛውን ምሳ ዕቃ ሞላሁ። በቀጣዩ ቅዳሜም ሁለት ሰጠችኝ፣ ከዚያ በኋላ ባሉትም እንዲሁ። ለእናቴ ብነግራት ከትምህርቱ ታስወጣኛለች ብዬ ዝም አልኩ፤ ነገር ግን ያንን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ግድግዳውን ተጠግቼ፣ በጎኔ የአንድ ልጅ ቦታ እየተውኩ መሄድ ጀመርኩ። ማንንም እንዳልረግጥ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ እናቴን ላስቃት ብዬ፣ ነገሩን እንደ ቀልድ ነገርኳት። አሮጊቷ እህት አለሽ እያለች ሁለት ምሳ ታሠራኛለች፣ ልጅቷ ደግሞ ጆሮዋን ይዛ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች አሉ፣ አልኳት። እናቴ አልሳቀችም። ፍሬቻ አሳይታ ጥግ ላይ ፓርክ አደረገች። የዝናብ መጥረጊያው መስታወቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፦

«የትኛውን ጆሮዋን?» አለችኝ።

ሚስ ኪዮኮ እንዳደረገችው ግራ እጄን ወደ ግራ ጆሮዬ አነሣሁ። እናቴ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች።

እህቴ ፍዮሪ ትባል ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት፣ ናዝሬት፣ ጆሮዬን አመመኝ ስትል እናቴ ይሻላታል ብላ ለጎረቤት ትታት ሥራ ሄደች፤ ስትመለስ ልጅቷ እንደ እሳት ትፋጃለች፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሕይወቷ አልፎ ነበር። እናቴ የነበራት አንዲት የእሷ ፎቶግራፍ እንኳ አገር ለአገር ስንዞር ጠፋች። እናቴ ይህን ሁሉ የነገረችኝ በአማርኛ ነው፤ መጨረሻ ላይ ግን «ስሟን ከጠራሁ አንቺንም የምትወስድብኝ ይመስለኝ ነበር፣ ጓለይ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሥራ ቦታዋ ኮል አድርጋ አሞኛል አለች፤ እናቴ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ዘመድ ልትጠይቅ እንደምትሄድ ሰው ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ አብራኝ ወረደች። ሚስ ኪዮኮ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻትና ምንም ሳትጠይቅ ሽርጥ ሰጠቻት። እናቴ እንግሊዝኛ ለሥራዋ አያንሳትም፤ ለዚህ ነገር ግን ጠፋባት።

«ጠይቂልኝ» አለችኝ። «ልጄ አሁንም ደረጃው ላይ ናት ወይ? በያቸው።»

ጠየቅሁላት። ሚስ ኪዮኮ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ እያስኬደች እስከ እናቴ እግር አመጣችው።

«ዛሬ ገብታለች» አለች። «ቀሚስሽን ይዛለች።»

ተረጎምኩላት። እናቴ ወደ ታች አላየችም። እንቁላሉን ጠብሳ ጠቀለለች፣ ቆረጠች፣ ሩዙን ሞላች፣ ክፍት ቦታ አልተወችም። ሲያበቃ አንዱን የእንቁላል ቁራጭ በጣቶቿ አነሣችና ሳታይ፣ ከጎኗ፣ የትንሽ ልጅ አፍ በሚደርስበት ከፍታ ላይ እንደ ጉርሻ ዘረጋችው።

«እንኪ፣ ፍዮሪዬ» አለች።

ሁላችንም የያዝነውን አስቀምጠን እጇን አየን። የሩዙ ድስት ብቻ ይንተከተካል። እናቴ ጣቶቿን ከፈተች፤ ስታነሣው እጇ ባዶ ነበር። የወደቀ ነገር አላየሁም። ልጆቹ ሲወጡ ዕቃ አጥባለሁ ብዬ ቀርቼ ከጠረጴዛው ሥር በጉልበቴ እየዳህኩ፣ ወንበሮቹን እያነሣሁ ፈለግሁት። እንቁላሉ ወለሉ ላይ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስ ኪዮኮ አንድ ምሳ ዕቃ ብቻ ሰጠችኝ። ጠብቄ ጠብቄ «ሁለተኛውስ?» አልኳት። ከልቧ ግራ ተጋብታ «ለማን?» አለችኝ። ያን ቀን ደረጃውን በመሃል ወጣሁ፤ ስፈራው የከረምኩት ነገር ስለሄደ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን መኪናው ዘንድ ሳልደርስ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለ ፍዮሪ ታወራልኝ ጀመር፤ ምስር ሲለቀም መሃሉ ገብታ እንደምትበትን፣ ዶሮ እንደምትፈራ፣ ስትተኛ የእናቴን አውራ ጣት ካልያዘች እንቅልፍ እንደማይወስዳት። ሚስ ኪዮኮ ካረፈች ቆይታለች፤ አዳራሹ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። እናቴም ከጡረታ በኋላ በገባችበት፣ ማውንትሌክ ቴራስ በሚባል ከተማ በሚገኘው ቤቷ አምና ዐረፈች። ለቅሶ ላይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ «ስንት ልጅ ትታለች?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁና ከሰው ቀድሜ «ሁለት ሴቶች ነበርን» አልኳቸው። ሌላኛይቱን ለማየት ዓይናቸውን በሰው መሃል ሲያዞሩ አየኋቸው።

አሁን ፍዮሪን የሚያስታውስ፣ እኔ የማውቀው ሰው የለም፤ ከእኔ በስተቀር፤ እኔ ደግሞ አይቻት አላውቅም። እናቴ የነገረችኝን ሁሉ አንድ በአንድ ይዣለሁ። የፍዮሪ ድምፅ ምን ዓይነት እንደነበር ግን ሳልጠይቃት ቀረሁ።