የማይጎድለው ጀሪካን

ይህ ታሪክ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ሁለት ሳምንት አስቤበታለሁ። ጀብዱ የለበትም፤ ፍቅር የለበትም፤ የሞተም የዳነም ሰው የለም። ስለ አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑም የእናቴ ነው። ነገር ግን በእሱ ምክንያት የምመኘውን የትምህርት ክፍል ላጣ ጥቂት ቀርቶኝ ነበርና ልጻፈው።

አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ጂኦሎጂ መግባት እፈልግ ነበር። ጂኦሎጂ የሚቀበለው ጥቂት ተማሪ ስለሆነ ውጤቴ እንደሚያስገባኝ እርግጠኛ አልነበርኩም። አንድ ቀን መምህራችን ስለ ዋሻ አስተማሩን። ከዋሻ ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ኖራ እያስቀረ ድንጋይ ይሠራል፤ የድንጋዩ ንብርብር ደግሞ የጥንቱን የአየር ጠባይ ይናገራል አሉ። ወዲያው እጄን አወጣሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከቡሬ ወደ አባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ አካባቢ፣ ከበቆሎ ማሳቸው በታች እንዲህ ያለ ዋሻ አላቸው።

መምህሩ ከክፍል በኋላ ጠሩኝ። "ድንጋዩን ከማንበባችን በፊት ጠብታውን ማወቅ አለብን። በየሳምንቱ ምን ያህል ውሃ እንደሚወርድ እስከ ግንቦት አስለክተሽ ካመጣሽ፣ ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ" አሉኝ።

በታኅሣሥ ለእረፍት ፍኖተ ሰላም ወደ ቤታችን መጣሁና የእናቴን ጀሪካን ለመንኩ። አፉን በቢላ አስፍቼ፣ ጎኑ ላይ ከታች ወደ ላይ ስድስት መስመር አሰመርኩ። የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌው ስቀመጥ ረዳቱ አየኝ።

"እህት፣ ዘይት ከተገኘ ለእኛም ጠቁሚን እንጂ!"

"ባዶ ነው።"

"ባዶ ጀሪካን ታቅፎ መሄድ ምን ይባላል?"

"ጥናት" አልኩት። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

አጎቴ ጋ ደርሼ ጀሪካኑን በሚገባ ከሚንጠባጠበው ቦታ ሥር አስቀመጥኩ። ሥራውም ቀላል ነበር፤ አጎቴ በየእሑዱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎንበስ ብለው መስመሩን ያያሉ፣ ውሃውን ይደፋሉ፣ ከዚያ ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ ወጥተው ይደውሉልኛል። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ምሳ ላይ የተማርኩትን ሁሉ ካላስረዳሁ ብዬ ቀጠልኩ።

"አያ፣ በሩቅ ሰሜን ክረምት ከበጋ በረዶ የሆነ፣ የማይቀልጥ መሬት አለ። ከሥሩ ዋሻ ካለ ጠብታ አይወርድም፤ ድንጋዩም አያድግም። ስለዚህ ጠብታው ከቆመ፣ ከላይ ያለው መሬት በረዶ ሆኗል ማለት ነው።"

"ክረምት ከበጋ?" አሉ አጎቴ።

"አዎ።"

"ታዲያ በምን ያርሱታል?"

"አይታረስም።"

የአጎቴ ሚስት ማዕዱን እያነሱ "ሙታቸውንስ እንዴት አድርገው ይቀብራሉ?" አሉ።

ይህን አላወቅሁም። መምህሩን ልጠይቅ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አጎቴ በበሩ በኩል የበቆሎ ማሳቸውን ያዩ ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ ስልኩ ጮኸ። "አምስተኛው መስመር" አሉኝ አጎቴ። ቀጥሎ አራተኛው፣ ጥር ላይ ሦስተኛው። የካቲትም ሦስተኛው፣ መጋቢትም ሦስተኛው። ሚያዝያ ላይ ምንጩ ሁሉ ነጥፎ ከብቱ ሩቅ ወርዶ ሲጠጣ፣ የእኛ ጀሪካን ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር።

የሠራሁትን ሥዕላዊ መግለጫ በሰማያዊ እስክሪብቶ አድምቄ ለመምህሩ ሰጠሁ። ረጅም ጊዜ አዩት። "በበጋ የማይቀንስ ጠብታ! ከዋሻው በላይ የተደበቀ የውሃ ክምችት ቢኖር ነው እንጂ" አሉ። በዚያው ቀን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነገሯቸው። እኔም በግንቦት መጨረሻ መምህራኑ ፊት እንዳቀርብ ተወሰነ። ጂኦሎጂ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ከማቀርብበት ሳምንት በፊት ፎቶግራፍ ለማንሳት ሳልደውል ሄድኩ። ስደርስ እሑድ ረፋድ ነበር። አጎቴ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። ብቻዬን ወደ ዋሻው ገባሁ። ጣሪያው ደርቋል። ጀሪካኑ ውስጥ አንዲት ሸረሪት ድር እየሠራች ነው።

ገና ቆሜ ሳይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አጎቴ ነጠላቸውን እንዳደገደጉ፣ ባልዲ ይዘው ገቡ። ጨለማው ውስጥ ስለነበርኩ አላዩኝም። ሸረሪቷን በጣታቸው አወጡ፤ ውሃውን ቀስ አድርገው ጀሪካኑ ውስጥ ጨመሩ፤ ጎንበስ ብለው፣ ልክ እንዳሳየኋቸው፣ ዓይናቸውን ከመስመሩ ጋር አስተካክለው አዩ። ትንሽ አልፎ ነበር መሰል ቀነሱለት። እንደገና አዩ። "ሦስተኛው" አሉ ለራሳቸው። ከዚያ እንደ ትእዛዙ ደፉት።

"አያ!" አልኩ።

"በስመ አብ! አንቺ መቼ መጣሽ?"

"ምን እያደረጉ ነው?"

"እየለካሁ ነዋ።"

"ውሃው እኮ የወንዝ ነው!"

"ልኩ ግን ልክ ነው። መስመሩን ሳላይ አንድም ቀን አልደወልኩም።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። "ለምን አያ?"

"ጠብታ ከቆመ መሬቱ በረዶ ነው ያልሽ አንቺ። ይኸው ቆመ። የዚህ ቀበሌ መሬት በረዶ ሆነ ብለሽ ልትጽፊብን ነው?"

"እሱ እኮ የሌላ አገር ነው!"

"አንቺ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን የሚያነበው ያውቃል? በረዶ ለሆነ መሬት ማዳበሪያ ማን ይሰጣል? አምስት ብል ይበዛል፣ አንድ ብል ያሳማናል። ሦስት ደኅና ነው አልኩ።"

ማዳበሪያ የሚያከፋፍሉት ሰዎች ስለ ዋሻ እንደማይጠይቁ ማልኩላቸው። ግማሽ ያህል አመኑኝ። ቤት ስንገባ ሚስታቸው "ተያዝክ አይደል? ባልዲዬን በየእሑዱ ስትወስድ ነግሬህ ነበር" አሏቸው።

"ጠብታው የቆመው መቼ ነው?" ብዬ ጠየቅሁ፤ ተስፋ ኖሮኝ አልነበረም።

አጎቴ ምንም አላሰቡም። "በዘወረደ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። በቅድስት አንደኛው ላይ። በምኩራብ ጠብ አላለም። ከዘወረደ ወዲህ የነገርኩሽ ሁሉ የኔ ነው።" የዐቢይ ጾምን እሑዶች በስማቸው እየጠሩ እንደ ከብቶቻቸው ቆጠሩልኝ። ጻፍኩት።

ስመለስ መኪና ውስጥ ሰማያዊውን ሥዕል አውጥቼ አየሁት። በጣም ያምር ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ደብዳቤውም ይጻፍልኛል። ከቡሬ እስክንርቅ ድረስ ዝም ለማለት ወስኜ ነበር። ከዚያ ግን መምህሩ ለኃላፊው፣ ኃላፊው ደግሞ ለሌላ ሰው ስለ ክምችቱ ሲነግሩ ታየኝ። በመጨረሻ አንድ ሰው ጉድጓድ ሊያስቆፍር ወደ አጎቴ በቆሎ ሲመጣ ታየኝና ሥዕሉን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጠዋት መምህሩ ቢሮ ሄድኩ።

"መምህር፣ ውሃው የዋሻው አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"የአጎቴ።"

"የተደበቀው ክምችትስ?"

"ባልዲ ነው፣ መምህር።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በረዶውን፣ ማዳበሪያውን፣ ሸረሪቷን ሳይቀር። የጾሙ እሑዶች ጋ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። "የቆመበትን ሳምንት ያውቃሉ? ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም?" አሉና በራሳቸው ይሁን በእኔ ሳይገባኝ ሳቁ። ቀጥለው ግን ኮስተር አሉ። "ለኃላፊው የምነግረው እኔ ነኝ። ለመምህራኑ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።"

አቀረብኩ። ወደ ታች ወርዶ ምኩራብ ላይ ባዶ የሚሆን አዲስ መስመር አሳየሁ። ባልዲው ጋ ስደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ኃላፊው ብቻ አልሳቁም። ደብዳቤውን መምህሩ ክፍቱን ሰጡኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። "ይህች ተማሪ የራሷን ስህተት ማንም ሳይጠይቃት ይዛ መጥታለች።" ይጥቀመኝ ይጉዳኝ አላወቅሁም፤ ለኃላፊው ጸሐፊ ሰጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። ምደባው ሲለጠፍ ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ወረቀቱ ርሶ ጫፉ ተልጧል። ፈርቼ ስሜን ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። ጂኦሎጂ በሚለው ርእስ ሥር፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ላይ አገኘሁት። ቀኑ ሐምሌ 6 ነበር።