ከእጄ አንጓ ጋር የቋጠርኩት ነጠላ

ባለፈው እሑድ በርበሬ እየቀነጠስኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጎርጎራ ሥራ ያገኘችው ልጄ ሰላም ቪዲዮ ልካልኛለች። ስከፍተው፣ ጣና ላይ እንደ ጠባብ በር ባለ ሰሌዳ ቆማ፣ የተወጠረ ሸራ ይዛ፣ ነፋሱ እያበረረ ይወስዳታል። ይሄ አልበቃ ብሎ፣ ከሸራው የመጣ ገመድ ወገቧ ላይ ታስሯል። ስልኩ ከእጄ አምልጦ በርበሬው ውስጥ ገባ።

ዋና የምትችል ልጅ ናት፤ ውሃው አይደለም ያስደነገጠኝ። ገመዱ ነው።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲሞት የደንገል ታንኳው ለእኔ ቀረ። ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል ትቼ፣ በታኅሣሥ የሽምብራ እሸት ከማዶ እየጫንኩ ጎርጎራ ገበያ አደርስ ነበር። መቅዘፉን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት የጎረቤታችንን የአያ ተገኘን ጥበብ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ፣ ታንኳው ላይ ባቆመው ቀርከሃ የጋቢውን አንድ ወገን ያስራል፤ ሌላውን ጫፍ በእጁ ይዞ ይቆማል። ታንኳው ያለ መቅዘፊያ ይበራል።

"አያ፣ አስተምረኝ" አልኩት።

"በነዚህ የሸመላ እግሮችሽ? ነፋሱ አንስቶ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ነው የሚጥልሽ!" ብሎ ሳቀ። ግን አስተማረኝ። ጉልበት ማላላት፣ ወገብን ወደ ኋላ መጣል። ሳይታክት የሚደጋግመው ግን አንድ ነገር ነበር፤ "ጫፉን ያዥው እንጂ አትሰሪው። ነፋሱ ካየለ ትለቂዋለሽ። በቃ።"

ብቻዬን የሞከርኩ ዕለት ጋቢ ስላልነበረኝ የእናቴን ነጠላ ወሰድኩ። ክረምቱን ሙሉ ፈትላ ያሸመነችው፣ ለጥምቀት ያስቀመጠችው ነው። አንዱን ወገን ቀርከሃው ላይ አሰርኩ፤ ውሃ ቢወስድብኝ ምን እላታለሁ ብዬ፣ ሌላውን ጫፍ ከግራ እጄ አንጓ ጋር ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። አያ ተገኘ በራሱ ታንኳ ከኋላዬ ነበር፤ ቋጠሮውን አላየም።

መጀመሪያ ሸጋ ነበር፤ በደስታ ጮህኩ። ከዚያ ነፋሱ ባንዴ ዞረ። ታንኳው ተገለበጠ። ነጠላው ውሃ ጠጥቶ ፊቴ ላይ ተጠመጠመ፤ እጄ ከታንኳው ሥር ተይዞ ቀረ። ከላይ የአያ ተገኘ ድምፅ ይሰማኛል፤ "ልቀቂው! ምነው አትለቂውም?"

ዘልሎ ገብቶ በቢላዋ ቆረጠው። ዳር ሲያወጣኝ አንጓዬ ላይ የቀረውን ቋጠሮ አየ።

"ነጠላ ይፈተላል። አንቺን ማን ይፈትልሻል?" አለኝ። ዳግመኛ አላስተማረኝም።

እናቴ ስለ ነጠላዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የቆሰለውን አንጓዬን ይዛ አለቀሰች እንጂ። ያ ከውሃው ይብስ አስደነገጠኝ።

ስልኩን ከበርበሬው አውጥቼ ለሰላም በቪዲዮ ደወልኩላት። በርበሬ የነካ እጄ ዓይኔን ነክቶት እንባዬ ይወርዳል።

"እማ፣ ምነው ታለቅሻለሽ?"

"ማነው ከዚያ ሸራ ጋር ያሰረሽ?"

"አልታሰርኩም እኮ! ገመዱ በመንጠቆ ነው የተያዘው፤ እጄ እንዳይዝል። አስተማሪዬ እዚሁ ሐይቁ ዳር ያደገ ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ መንቀሉን ነው።"

ተይው ልላት ነበር የደወልኩት። ግን እኔም አያ ተገኘን እንዴት እንደለመንኩት ትዝ አለኝ።

"አሳዪኝ" አልኳት፤ ስልኩን ሙቀጫው ላይ አስደግፌ።

ገና ከውሃው ዳር አልተነሳችም ነበር። ሸራውን ይዛ መንጠቆውን አሳየችኝ። ቀጭ ብሎ ተላቀቀ።

"ድገሚው።"

እየሳቀችብኝ ደገመችው። እኔ አልሳቅሁም። ቀኝ እጄ የግራዬን አንጓ ጨብጦ እንደያዘ ነበር።

"አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ" አልኳት። "ድገሚው።"