ከእናቴ ግንብ የመጣችው ቅጠል

አራዳ ውስጥ አሮጌ ግንብ ሳይ እጄ አያርፍም። የድንጋዩን መጋጠሚያ እዳስሳለሁ፣ ቅጠል ካገኘሁ ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። ሰው አረም ብሎ የሚያልፋቸውን፣ አበባ የሚባል የማያውቁትን እነዚያን ትንንሽ ቅጠሎች እኔ ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ በዚህ ነገር የሚያርመኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንደኛዋ አገዳዋ እንደ ጥቁር ክር የቀጠነ፣ ቅጠሏ የድንብላል የሚመስል ነው፤ ውኃ ካልተንጠባጠበላት አትበቅልም። ሌላዋ ክብ ክብ ቅጠሎቿን ግራና ቀኝ ትደረድራለች፤ ጥላ ትወዳለች። ሦስተኛዋ ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ በበጋ ተኮማትራ የሞተች ትመስላለች። የማወራችሁ ስለ እሷ ነው።

እናቴ በሞተች በዓመቱ ለአውቶሞቢል መንገድ ይሰፋል ተባለና ያደግሁበት ቤት ከነግንቡ ፈረሰ። ያን ጊዜ ከጊዮርጊስ በታች ከባለቤቴና ከእናቱ ጋር የምኖር አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። እናቴ በሕይወቷ ሳለች ከበሩ ጎን ያለውን ግንብ ማንም እንዲፍቅባት አትፈቅድም፤ እጇን ስትታጠብ የተረፈውን ውኃ በስንጥቁ በበቀሉት በእነዚህ ጀርባቸው ቡናማ በሆነ ቅጠሎች ላይ ትረጭ ነበር። ሠራተኞቹ ድንጋዩን ሲያወርዱ ደርሼ ከእነሱ ሦስቱን ከነሥራቸው ነቅዬ ተመለስኩ። ከእሷ የቀረኝ ያ ብቻ ነበር።

ሁለቱን የገደልኳቸው እኔው ነኝ። እንደ ጤና አዳም ቆጥሬ በእንስራ ስባሪ አፈር ሞላሁ፣ ፍግና አመድ ደባልቄ ተከልኳቸው። የሰፈራችን ሴት ሁሉ የምታደርገው ይህንኑ ነው። በሳምንቱ ጠቁረው በሰበሱ። ያኔ ነው ወደ ፈረሰው ቤት ተመልሼ ያደጉበትን ቦታ በደንብ ያየሁት። አፈር የለም፤ የተፈረፈረ አሮጌ ኖራ ብቻ ነው። እሱን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አመጣሁና የቀረችኝን አንዷን በአማቴ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ጠቅጥቄ ተከልኳት። ያዘች።

አማቴ ንጽሕና የሚወዱ ሴት ነበሩ። ለፋሲካ ዘመዶቼ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ሲሰሙ ግንቡን በማጭድ ፍቀው ኖራ ሊቀቡት ተነሡ። ከገበያ ስመለስ ቅጠሏ የለችም።

«እማማ፣ እዚህ የነበረችው የት ሄደች?»

«ያ የደረቀ ሣር? አመድ ላይ ጣልኩት። ዘመዶችሽ መጥተው ልጃችንን የት ጣልናት እንዲሉ ነው?»

«የእናቴ ነበረች» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር። ምራት በአማቷ ፊት እንደዚያ አትናገርም፤ እኔ ግን ተናገርኩ፣ አለቀስኩም።

ወደ አመዱ ክምር ሮጥኩ። አመዱን በእጄ በርብሬ አገኘኋት፤ ቅጠሎቿን እንደ ጨቅላ ጡጫ ጨብጣለች። ወደ ስንጥቋ መለስኳትና በኖራ ፍርፋሪ አጠበቅኳት። አማቴ ከኋላዬ ቆመው ያዩኛል።

«በድን እኮ ነው የምትተክይው» አሉኝ።

«ዝናብ ይምጣና ያዩታል» አልኳቸው። እንደምትነሣ በልቤ አልተጠራጠርኩም።

እሳቸው ግንቡን ኖራ ሲቀቡ እሷ ያለችበትን አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ዘለሉት። ዘመዶቼ መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ሄዱ። በእኔና በአማቴ መካከል ግን ወሬ ጠፋ፤ ስለ ጨውና ስለ እንጨት ካልሆነ አንነጋገርም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት ስወጣ አማቴ ግንቡ ሥር ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ቅጠሏ ተዘርግታለች፤ አረንጓዴ ናት። ጎረቤታችን ሴትዮ እሳት ልትጭር ገብታ ኖሮ ያልተቀባውን ቦታ አይታ «ምነው ይህችን ረሱዋት?» አለችና ልትነቅላት እጇን ሰነዘረች።

አማቴ እጇን ያዙት። እስከዚያ ቀን ድረስ ምራቴ እንጂ ልጄ ብለውኝ አያውቁም።

«ተያት» አሏት፤ «የልጄ እናት ናት።»